ቤቱ ዋጋ የለውም፣ መሬቱ ነው

ደላላው በረንዳችን ላይ ቆሞ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። ከዚያ ወደ ግቢው ወረደና ከአጥር እስከ አጥር በእርምጃ ለካ። ተመልሶ መጣ። "ቤቱ ዋጋ የለውም" አለ። "መሬቱ ነው።"

እትዬ ቡና እያቀረበችለት ነበር። ስኒውን አስቀምጣለት ወደ ውስጥ ገባች። እኔም ምንም አላልኩም። የተናደድኩት ማታ፣ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። ንዴቱ ሲበርድ ደግሞ ነገሩ አሳቀኝ። በዚህ አገር መሬት አይሸጥም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ውልና ማስረጃ ሄዶ የሚፈረመው የቤት ሽያጭ ነው። እንግዲህ በወረቀት የሚሸጠው ቤቱ ብቻ ነው። ገበያው ላይ ደግሞ ዋጋ የሌለው ቤቱ ብቻ ነው።

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ይባላል። ሰውዬው ግን አልናቀንም፤ እንጀራው ነው። ቤቱን ቀድመን የናቅነው እኛ ነን።

ቤቱ አዳማ ነው። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። አያቴ፣ እኛ አባባ የምንለው፣ በ1948 ዓ.ም. ሠራው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነበር። አባባ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሐዲድ ጥገና ላይ። ሹመት የለውም፣ ኒሻን የለውም። መሥሪያ ቤቱን እስኪሞት ድረስ በፈረንሳይኛ ስሙ "ሸሚንደፈር" ነበር የሚለው፤ የባቡር መንገድ ማለት ነው።

አዳማን ከተማ ያደረጋት ያ መስመር ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ 784 ኪሎ ሜትር አቋርጦ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ ሰው ቆመ። ሰው በቆመበት ሻይ ተፈላ፣ ብርቱካን ተሸጠ፣ ቤት ተሠራ። የአባባ ሚስት፣ እኛ እማማ የምንላት፣ ሰዓት አልነበራትም፤ ሽሮዋን የምታወርደው የባቡሩን ፊሽካ ሰምታ ነው ይባላል። ይሄን እትዬ ነው የምታወራው፤ እትዬ ደግሞ ታሪክ ሲነገር ትንሽ ጨው ትጨምራለች።

የጭቃ ቤት ነው። ወጋግራው ጽድ ነው፤ ምስጥ የማይደፍረው። ማገሩ በጠፍር የታሰረ ነው። የግድግዳው ውፍረት አንድ ስንዝር ያህል ነው፤ ሚያዝያ ላይ ውጭው እንደ ምጣድ ሲግል ሳሎኑ ቀዝቀዝ ይላል። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። አይጥ ስትሮጥበት ከታች እግሯ ይታይ ነበር፤ ልጆች ሆነን ሲኒማችን እሱ ነበር።

በረንዳውን አራት ምሰሶ ይደግፈዋል። ሦስቱ እንጨት ነው። ጥግ ላይ ያለው አራተኛው ሐዲድ ነው። እውነተኛ የባቡር ሐዲድ፣ ቀጥ ብሎ የተተከለ። አባባን ከየት እንዳመጣው ሲጠይቁት "ጡረታ የወጣ ነው" ይል ነበር። እማማ ለምሳ የምትጠራን በዘነዘና እሱን መትታ ነው። ድምፁ ሦስት ግቢ አልፎ ይሰማል። የጎረቤት ልጆችም ይመጡ ነበር፤ እማማም ቆጥራ አታውቅም።

አባባ ከዚህ ቤት ጎን ሁለት ሌሎች ቤቶች ሠርቶ ያከራይ ነበር። በአንድ እጅ፣ በአንድ ጭቃ፣ በአንድ ዓይነት እንጨት የተሠሩ ሦስት ቤቶች። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፤ ቁጥር 47/1967። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት። ሁለቱ ተወሰዱ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች ስለነበር ወደ ቀበሌ ሄዱ።

እዚህ ላይ አዋጁን ልተች አይደለም፤ ለዚያ ሌላ ቀን አለ። የማወራው ስለ ጭቃ ነው። ጭቃ ቤት በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። ተከራዩ "የእኔ አይደለም" አለ። ቀበሌው ከዚያች ኪራይ ምን ይጠግናል? ሃያ ዓመት ሳይሞላ አንደኛው ወደ ጎን አዘነበለ። ሁለተኛው አሁን ግማሽ ግድግዳው ሸራ ነው። የእኛው የቆመው ከእነሱ ስለሚበልጥ አይደለም። እማማ በየዓመቱ መስከረም ላይ ጭቃ ስለምትረግጥ ነው።

እማማ ደከመች። ከዚያ ሲሚንቶ መጣ።

በ2001 አባቴ፣ አባዬ፣ ትንሽ ገንዘብ አገኘና "ቤቱን ላሳምረው" አለ። የፊት ለፊቱን ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰነው። ክሬም ቀለም ተቀባ። ጎረቤት እንኳን ደስ ያላችሁ አለ። እኔም ደስ አለኝ፤ የክፍል ጓደኞቼን ይዤ መምጣት ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ለምን እንደማላመጣቸው ባልናገር ይሻለኛል።

ሦስተኛው ክረምት ላይ ልስኑ ማበጥ ጀመረ። አበጠ ስል እንደ ቁስል ነው። በጣት ሲመቱት ባዶ ድምፅ ያሰማል። ደላላው በኋላ ኳ ኳ ያደረገው ያንኑ ቦታ ነው። አንድ ቀን ከመስኮቱ ሥር የሆነ የምጣድ ክዳን የሚያህል ቁራጭ ወደቀ። ከጀርባው ያለው ጭቃ ዱቄት ሆኗል። ሃምሳ ዓመት ምስጥ ያልደፈረው ወጋግራ እግሩ ላይ በስብሶ በጥፍር ይላጣል።

የድሮ ሥራ የሚችሉ አንድ ሽማግሌ አመጣን። ግድግዳውን አሸተቱት። በእውነት ነው የምለው፣ አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱት። "አፈናችሁት" አሉ። ጭቃ ግድግዳ ከሥር እርጥበት ይስባል፤ ከዚያ በፊቱ በኩል ያስወጣል። ሲሚንቶ ያን መውጫ ይዘጋል። ዝናቡ ደግሞ በስንጥቁ ይገባል። ገብቶ አይወጣም። እንጨቱ ውኃ ውስጥ እንደቆመ ሰው ይሆናል። በዚያ ላይ ጭቃ ሲረጥብና ሲደርቅ ይንቀሳቀሳል፤ ሲሚንቶ እንደ እሱ አይንቀሳቀስም። አብረው አይኖሩም።

መድኃኒቱ ውድ አልነበረም። ረጅም ነበር እንጂ። ሲሚንቶውን በመሮ እየፈለፈልን አወረድነው። የበሰበሱትን አራት ወጋግራዎች ሽማግሌው ከሥር ቆርጠው በጽድ ቀጠሏቸው፤ መሬት የሚነካውን በተቃጠለ ዘይት ቀቡት። ከዚያ ጭቃው። አፈሩ ተነፍቶ፣ የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ተረግጦ ይቦካል። በየጥቂት ቀኑ እየተገላበጠ ሦስት ሳምንት ቆየ። ይሸታል። ጎረቤት "ምን ሞተባችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ጭዱ ሲበሰብስ ጭቃው እንደ ሊጥ ይያያዛል። ምርጊቱ ከደረቀ በኋላ ኖራ ቀባነው፤ ኖራ ያስተነፍሳል።

እኔ ቢሮ የምውል ሰው ነኝ። ጭቃ ስረግጥ መጀመሪያ ለፎቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን ስልኬን የት እንዳስቀመጥኩት ረሳሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዞማ ሙዚየም ሲከፈት ሰው እየሄደ የጭቃውን ግድግዳ በእጁ ይዳስስ ነበር። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ያቆሙት ቦታ ነው። እኔም ሄጄ ዳሰስኩ። "እንዴት ያምራል!" አልኩ። በዚያው ሰሞን አዳማ የእማማ ግድግዳ በሲሚንቶ ታፍኖ እየበሰበሰ ነበር። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስም ፌስቡክ ላይ የድሮ ፎቶ ለጥፌ አልቅሻለሁ። የቤታችን ጣሪያ ያኔ በሁለት ቦታ ያፈስ ነበር። በባልዲ ነው የምንቀበለው።

እማማ ያረፈችው የግድግዳው ሥራ ካለቀ በዓመቱ ነው። አባዬ ቀድሟታል። ከአርባው በኋላ ፍርድ ቤት ሄደን የወራሽነት ማረጋገጫ አወጣን። ሰባት ሰው። ሰባት ሰው አንድ ቤት ላይ ማለት ሰባት ሐሳብ ነው፤ እንዲያውም አንዳንዱ ሁለት ሁለት አለው።

ስለ ቅርስ ሲወራ ሁሌም ግሬደር ይሳላል። ቢጫ፣ ትልቅ፣ ከመንግሥት የመጣ። ግሬደር አለ፤ አልክድም። ግን እኔ በማውቃቸው ሰፈሮች ብዙ ቤት ያፈረሰው ክፍፍል ነው። ከወራሾቹ አንዱ "ድርሻዬን ስጡኝ" ካለ መብቱ ነው። ቤት እንደ ዳቦ አይቆረስም። ይሸጣል፣ ገንዘቡ ይካፈላል። የገዛው ሰው ደግሞ የከፈለው ለቦታው ነው፤ በነጋታው ያፈርሳል። ማንም ክፉ ሳይሆን ቤቱ ይጠፋል።

ከሰባቱ አንዱ ጋሼ መሸጡን ነበር የፈለገው። ልጁን ሊድር ነው፤ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ውጭ ያለው ወንድሜ "የምትሉትን እፈርማለሁ" አለ። ይሄ ጥሩ ይመስላል እንጂ ከሁሉም የሚያደክመው መልስ ነው። እኔ "ቅርስ ነው፣ እናስመዝግበው" አልኩ። ያኔ እትዬ ተነሳች።

"ቅርስ የምትይው አዲስ አበባ ቁጭ ብለሽ ነው" አለችኝ። "በፈጣኑ መንገድ ቅዳሜ መጥተሽ፣ ፎቶ አንስተሽ፣ እሑድ ትሄጃለሽ። ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ባልዲ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ሽንት ቤቱ ግቢው ጫፍ ነው፤ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። ቅርስ ውስጥ የሚኖር ሰው አይታመምም?"

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄዬ ተቀየረ። "ቤቱ እንዴት ይትረፍ?" የሚለውን ትቼ "እትዬ እዚህ ቤት እንዴት ትኑር?" ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ የሠራነው ቅርስ ማስመዝገብ አልነበረም። ከመኝታ ቤቷ ጀርባ፣ ከድሮው ግድግዳ ክንድ ያህል ራቅ አድርገን፣ በብሎኬት መታጠቢያና ሽንት ቤት ሠራን። ቧንቧው የጭቃውን ግድግዳ አይነካም። አንዳንድ ጓደኞቼ "ቤቱን አበላሻችሁት" አሉ። እነሱ ሌሊት አይነሱም።

ለማስመዝገብ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሁለት ጊዜ ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነበር፣ አንድ ጊዜ ሥልጠና ላይ። በአራተኛው ተገኘ። ልጅ እግር፣ ትሁት ሰው ነው።

"ቤቱ የማን ነበር?"

"የአያቴ።"

"እሳቸው ምን ነበሩ? አርበኛ? ደጃዝማች?"

"የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ።"

እስክሪብቶው ቆመ። "ታዋቂ ሰው አርፎበት ያውቃል?"

ለአፍታ መዋሸት አማረኝ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው፤ ስንቱ አላፊ ሊያርፍ ይችላል! ግን አልዋሸሁም። እውነቱን ለመናገር እትዬ አብራኝ ስለነበረች ነው።

ወደ ቤት ስመለስ አዋጁን ፈልጌ አነበብኩት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992። ቅርስ ማለት የሰው የፈጠራና የጉልበት ውጤት ሆኖ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በሥነ ጥበብ ወይም በእደ ጥበብ ረገድ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ነው ይላል፤ በእኔ አባባል አሳጥሬው ነው። ደጃዝማች የሚል የለበትም። "ጉልበት" ይላል። አባባ ከጉልበት ሌላ ምን ነበረው?

ሰው ሲመዘገብ ቤቱ የሚወረስ ይመስለዋል። ጋሼም የፈራው ያንን ነበር፤ 67ን ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። አዋጁ ግን ቅርስ በግለሰብም እጅ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ሸክሙ ሌላ ነው። ባለቤቱ በራሱ ወጪ ይጠብቀዋል። ለመጠገን ወይም ለማደስ አስቀድሞ ፈቃድ ያወጣል። እንደ አባዬ ሲሚንቶ አምጥቶ መለሰን አይቻልም፤ ይሄ እንኳ ቀደም ብሎ ቢነገረን ጥሩ ነበር። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት በከፊል ሊረዳ ይችላል ይላል። "ይችላል" ነው የሚለው። እኛ በጀታችንን ያወጣነው ያቺን ቃል ረስተን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣ ሌላ አዋጅ፣ ቁጥር 839/2006፣ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይመድባል። የእኛ ቤት ብሔራዊ እንደማይሆን ራሴም አውቃለሁ። አክሱም አይደለም። ሐረር ጀጎል በ1998 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ግን አንድ ቤተ መንግሥት ብቻ አይደለም የተመዘገበው። ግንቡ፣ ጠባቡ መንገድ፣ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች አብረው ናቸው። የባቡር ከተማም ያለ ሠራተኞቹ ቤት ምኑ ይቀራል? ጣቢያው ብቻ። ጣቢያው ደግሞ በ2009 ከተመረቀው አዲስ መስመር ወዲህ ዘመድ የሌለው ሽማግሌ ሆኗል።

ለባለሙያው የሚሆን ማስረጃ ስንሰበስብ ከረምን። እዚህ ላይ ለሌላ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ትንሽ ልበል። እማማ ወረቀት አትጥልም ነበር። ከአልጋዋ ሥር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የግብር ደረሰኝ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የአናጺ ሒሳብ የተጻፈበት የደብተር ቅዳጅ ተገኘ። በአንደኛው ፎቶ ጀርባ ላይ ቀን አለ፤ ከፊት ለፊቱ ኖራ የተቀባ በረንዳና ሐዲዱ ይታያል። ያ አንድ ፎቶ ከእኔ አምስት ገጽ ማመልከቻ በለጠ። ደረሰኞቹ ሁሉ "ናዝሬት" ይላሉ፤ ቅጹ "አዳማ" ይላል። እማማ እስክትሞት ናዝሬት ነበር የምትለው፤ ሁለቱም እንደ ጠሪው ነው። ቅጹ ላይ ግን ማስረዳት ነበረብኝ።

አርክቴክቸር የሚማር የጎረቤት ልጅ ቤቱን ለክቶ ሳለልን። ክፍያው ምሳ ነበር፤ ሁለት ሳምንት በላ። ሲለካ አንድ ነገር አገኘ። ሳሎኑ ልክ ካሬ አይደለም፤ አንደኛው ግድግዳ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። እትዬ ሳቀች። አባባ ቤቱን ሲሠራ እዚያ ቦታ ግራር ነበር፤ እማማ "አይቆረጥም" ብላ ግድግዳው ዞሮ አለፈ። ዛፉ ከደረቀ ቆየ። ግድግዳው ግን እስካሁን ለዛፉ ቦታ ይለቃል። ይሄን በፕላኑ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ልጁ ጨነቀው። በመጨረሻ "ዛፍ (የለም)" ብሎ ጻፈው።

ከጋሼ ጋር ረጅም ሌሊት ተነጋገርን። እሱ ያመነው በቅርስ አይደለም፤ በሒሳብ ነው። ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ የተያዘ ቦታ፣ በውርስ ሲተላለፍ እንደ ነባር ይቀጥላል። ለሌላ ሲሸጥ ግን በሊዝ አዋጁ፣ በቁጥር 721/2004፣ የገዛው ሰው ወደ ሊዝ ይገባል፤ ለቦታው ለመንግሥት ይከፍላል። ገዢም ይህን አስቦ ዋጋ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሰርቪሶቹን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብናከራይስ? ለልጁ ሠርግ ደግሞ ሁላችንም አዋጣን። ለአምስት ዓመት ላለመካፈል ተፈራረምን። የኪራዩ ግማሽ ለጣሪያ፣ ግማሹ ለእትዬ። አምስት ዓመት ብዙ አይደለም። ከዚያ በኋላ ጋሼ ምን እንደሚል አላውቅም፤ እሱም አያውቅም።

ማመልከቻው ገብቷል። የሚያዩ ባለሙያዎች ይመጣሉ ተብለናል። ደላላው አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር።

ባለፈው ግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ሐዲዱን ቀለም ልንቀባ ተነሳን። ጋሼ በብረት ብሩሽ መፈተግ ጀመረ። ከላይ ቡናማው ለቀቀ። ከሥሩ ክሬም፤ ያ የአባዬ ሲሚንቶ ዘመን ነው። ከሥሩ ሰማያዊ። ከዚያ አረንጓዴ። "ይሄ ለእኔ ሠርግ የተቀባው ነው" አለች እትዬ ከበሩ። ከአረንጓዴው ሥር ቀይ የዝገት መከላከያ። ከዚያ ብረቱ።

ብረቱ ሆድ ላይ ጎልቶ የተቀረጸ ጽሑፍ ወጣ። በልጅነታችን በጣታችን የምንዳስሰው ጉብ ጉብ ነገር ፊደል ነበር። ጋሼ የስልኩን መብራት አበራበት። ሁለት የላቲን ፊደል ይነበባል። ቀጥሎ 1 እና 9። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ዝገት በልቷቸዋል። ጋሼ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። "ሰባት ይመስላል" ይላል። "ዜሮ ነው" እላለሁ። ያ ቤቱን ሊሸጥ የነበረው ሰውዬ አንዲት ቁጥር ለማንበብ ብሩሹን ጥሎ በጥርስ ብሩሽ ይፈትግ ጀመር።

እትዬ ሦስት ጊዜ ጠራችን። አልሰማናትም። ከዚያ ከማድ ቤት ዘነዘናውን ይዛ መጣች፣ ጋሼን በክርኗ ገፋ አደረገችው፣ ሐዲዱን ሁለት ጊዜ መታችው።

"ምሳ!"

የጎረቤት ልጅ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ።